ያልተወለዱ ምስክሮች

የሚስቴ ወንድም የሌባ ስም ሰጥቶኛል። ወረዳችንን ሀብሩን ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያም አልፎ እስከ ወልድያ፣ በጦርነቱ የተዘረፈ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አስብሎኛል። ይህን ያደረገው ሊጠቅመኝ ብሎ ነው አሉ። እንዲህ ያለው ጥቅም ለራሱ ይሁነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወልድያ በሚያወጣው አስፋልት ዳር ጋራዥ አለኝ። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ጉድጓድና እኔ ማለት ነው። የጭነት መኪና ባሊስትራ እቀይራለሁ፣ ራዲያተር እበይዳለሁ፣ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ሲበላሽ እፈታለሁ። ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ጢሜ ሸብቶ፣ የጎልማሶች ትምህርት አግዳሚ ላይ ከገበሬዎችና ከጉልት ነጋዴዎች ጋር ተቀምጬ «ሀ ሁ» ያልኩ ሰው ነኝ። ዛሬም ሳነብ ጣቴን ከቃሉ ሥር አስኬዳለሁ። የሚስቅ ይሳቅ። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። በዚያ ሁሉ ድካም ማንበብ ተምሬ፣ በሕይወቴ ካነበብኳቸው ረጃጅም ጽሑፎች አንዱ እኔኑ ሌባ የሚያደርግ ሆኖ ማግኘቴ እስከ ዛሬ ስለሚያቃጥለኝ ነው።

ከተማችን በተያዘች ጊዜ ሰዉ ወደ ደሴ ሲሸሽ እኔና ባለቤቴ ቀረን። ጀግንነት አይደለም። የሚስቴ እናት እግራቸው አይራመድም፤ ተሸካሚ ደግሞ ከየት ይምጣ፣ ሁሉም የራሱን ሕፃን አዝሎ ወጥቷል። ልጃቸው፣ ይኸው የምከሰው ሰው፣ ወልድያ ላይ ኮምፒውተር እየጠገነና እያስተማረ ነበር የሚኖረው። ገና ወሬው ሲሰማ ኮምፒውተሩን በቦርሳ አንጠልጥሎ አዲስ አበባ ገባ። እናቱን የጠበቅኩለት እኔ ነኝ። ይህን ደጋግሜ አነሳለሁ። ሚስቴ «አሁንስ ይበቃሃል» ትለኛለች። አይበቃኝም።

የእነዚያን ወራት ነገር ሌላው ይጻፈው። ወፍጮ ቆመ፣ ሰው ንፍሮ በልቶ ከረመ። የብየዳ ማሽኔ፣ ኮምፕሬሰሬ፣ ክሪኬ ሁሉ ተወሰደ። ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ስትለቀቅ በእጄ የቀረው አልጋ ሥር የደበቅኳቸው ጥቂት መፍቻዎች ነበሩ።

ከጋራዤ ቀጥሎ የአንድ ሐጂ ወፍጮ ቤት አለ። ሐጂን እንደ ጎረቤት ብቻ አትዩአቸው። እኔ ሳገባ ለሙስሊሙ እድምተኛ የቀረበውን በግ የባረኩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ጅዳ ስትሄድ ከቤት አንስቶ መኪና ላይ ያሳፈራት የእኔ እጅ ነው። በጦርነቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ፤ ደሴም ስትያዝ ከደሴ አለፉ። ሲመለሱ የወፍጮው ሞተር ተነቅሏል። ሲሚንቶው ላይ ብሎኖቹ ብቻ ቆመው ጠበቋቸው። አብረን አየነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስ ተርፏል» ብለው በሩን ዘጉት።

ኔትወርክ ሲመለስ የሚስቴ ወንድምም ከአዲስ አበባ ተመለሰ። መርሳ መጥቶ እናቱን ከሳመ በኋላ ባዶ ጋራዤን ዞሮ አየና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንተን የሚያውቅህ ይሄ አስፋልት ብቻ ነው» አለኝ።

«አስፋልቱ አልበቃ ያለህ አንተ ነህ።»

«ሹፌር መኪናው ሲቆምበት ዛሬ ሰው አይጠይቅም፤ ስልኩን ነው የሚጠይቀው። ስልኩ አንተን ያውቅሃል?»

«ስልክ እኔን የት አውቆኝ!»

«በቃ፣ አስተዋውቃችኋለሁ።»

የጋራዤን ድረ ገጽ ሠራልኝ። መጀመሪያ የሠራው እውነተኛ ነበር፤ የጉድጓዱ ፎቶ፣ የምሠራው ሥራ፣ የስልክ ቁጥሬ። ብዙም ሳይቆይ የእርዳታ እህል የጫነ ሹፌር ራዲያተሩ ፈልቶበት መጣና «በስልክ አይቼህ ነው» አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ያን ዕለት ማታ ለሚስቴ «ወንድምሽ ለካ ሰው ነው» ብያታለሁ። ቸኩዬ ነበር።

«ጋሼ፣ አሁን ጋራዥ ተብሎ በስልክ ሲፈለግ አራተኛ ነህ» አለኝ በሌላ ቀን ደውሎ። «አንደኛ አደርግሃለሁ።»

«አራተኛ ምን ይለዋል? ጉድጓዴ የሚይዘው አንድ መኪና ነው።»

«አንተ ዝም ብለህ ጠብቅ።»

ጠበቅኩ። ምን እንደሠራ ያወቅኩት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ግን አንባቢው ግራ እንዳይጋባ አሁኑኑ ልንገረው። ሰዎች ስልካቸው ላይ እየጻፉ የሚፈልጉትን ቃል የሚቆጥር መሣሪያ አለ። እሱን ከፍቶ አየ። በዚያ ዓመት በእኛ አገር ሰው ምን ይፈልጋል? የጠፋበትን ነዋ! ጀነሬተር፣ የወፍጮ ሞተር፣ ፍሪጅ፣ የክሊኒክ አልጋ፣ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር። የሚስቴ ወንድም እነዚህን ቃላት ለቅሞ ሁሉንም በጋራዤ ስም ለጠፋቸው። ለእያንዳንዱ ቃል፣ ለእያንዳንዱ ከተማ፣ ማሽን የጻፈው ገጽ አወጣ። የፍለጋው ማሽን አንዱን ገጽ ከሌላው የሚያስበልጠው ደግሞ ሌሎች ድረ ገጾች በሊንክ ሲጠቁሙት ነው። ሊንክ ማለት እንደ ምስክር ነው፤ «እሱ ጋ ሂዱ፣ እኔ አውቀዋለሁ» እንደማለት። ሊንኩንም ከሚሸጡ ሰዎች ገዛ። የማላውቀው አገር ጫማ ሻጭ፣ ቁማር ቤት፣ የሠርግ አዳራሽ፣ ሁሉም መርሳ ወዳለው ጋራዤ ጣቱን ቀሰረ። በመጨረሻም ደንበኞች ፈጠረ። ስም ያላቸው፣ አምስት ኮከብ የሰጡ፣ አመስጋኝ ደንበኞች።

አንደኛ ወጣሁ።

ሐጂ የመጡት ጠዋት ነው። በወሎ ሰው ጎረቤቱን ሲያገኝ ሰላምታውን አይጨርሰውም፤ ልጅህ፣ ከብትህ፣ ጤናህ እያለ ይቆያል። ሐጂ አንዲት ቃል ሳያወጡ ስልካቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ቁርአን ይቀራሉ እንጂ የአማርኛ ፊደል አያነቡም። ጅዳ ያለችው ልጃቸው የገጹን ፎቶ ልካ በድምፅ አስረድታቸዋለች።

«አንብበው» አሉኝ።

ጣቴን አስጠግቼ አነበብኩ። «ምርጥ የወፍጮ ሞተር በመርሳ።» ከሥሩ የጋራዤ ስም፣ ከሥሩ ስልኬ። ከዚያ በታች አንድ ሰው እንዲህ ብሏል፦ «ኅዳር ላይ ከዚህ ጋራዥ የወፍጮ ሞተር ገዛሁ። እንደ አዲስ ነው። እናመሰግናለን።»

«ኅዳር» አሉ ሐጂ። «ኅዳር እኔ ደብረ ብርሃን ድንኳን ውስጥ በብርድ እንቀጠቀጥ ነበር። አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ ሐጂ። ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። እዚሁ ነበርክ። ሞተሬም እዚሁ ነበር።»

ስልካቸውን ወስደው ሄዱ። ጠርቼ ላስቆማቸው ፈልጌ ምን ብዬ እንደምጠራቸው ጠፋኝ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህ ግን እያደር ከበደ። ስልኬ መጮኽ ጀመረ። አንዱ «የክሊኒኩን አልጋዎች በሰላም መልስ፣ እናቶች መሬት ላይ ነው የሚወልዱት» ይላል። አንዱ ይሳደባል። አንዲት ሴት ከወልድያ ደውላ ምንም ሳትቆጣ «ወንድሜ፣ የእኔ ፍሪጅ ነጭ ነው፣ በሩ ላይ ልጄ የለጠፈችው ቢራቢሮ አለ፤ ካለ ልግዛው» አለችኝ። ስድቡን ቻልኩት። ይህችን ግን አልቻልኳትም፤ ስልኩን ዘግቼ ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩና ተቀመጥኩ። የፀጥታ ሰዎችም መጥተው ጋራዡን አገላብጠው ፈተሹ፣ ምንም ሳያገኙ ሄዱ። ባዶ መሆኑ ራሱ ተወራብኝ። «ሸጦ ጨርሶታል» ተባለ። ሹፌሮች ሳይቆሙ ማለፍ ጀመሩ። ተይዛ በነበረችው ከተማ ውስጥ መቅረቴ፣ ትናንት «አማቱን አልጥልም ያለ» የተባልኩበት፣ ዛሬ «ለምን ቀረ?» ሆነ።

ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ወጣሁ። የሚስቴ ወንድም ከኮምፒውተሩ ኋላ እየሳቀ ተነሳ።

«ጋሼ! አየኸው? አንደኛ!»

«የወፍጮ ሞተር የት አለኝ እኔ?»

«የለህም።»

«ታዲያ ለምን አለኝ አልክ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ቃል ነው እንጂ ዕቃ እኮ አይደለም። መፈለጊያ ቃል ይባላል። ሰው ሲፈልግ አንተ ጋ እንዲደርስ ነው። ደርሶ ራዲያተሩን ያሠራል።»

«ማነው የሚፈልገው?»

«ሰው ነዋ።»

«የተዘረፈ ሰው!» አልኩት። «የተዘረፈ ሰው ነው የሚፈልገው፣ አንተ ደንቆሮ! ንብረቱን ሲፈልግ እኔ ጋ አደረስከው!»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለና ገጾቹን ባዲስ ዓይን ያያቸው ጀመር። «የክሊኒክ አልጋ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ክፉ ሰው አለመሆኑን ያኔ አየሁ፤ ማየቴ ንዴቴን አላበረደውም።

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አለ።

«ብታጠፋው ደግሞ ማስረጃ ደበቀ እባላለሁ።»

የሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ፎቶው አለ። ገጹን ብናጠፋው ፎቶው እውነት ሆኖ ሊቀር ነው። ስለዚህ ሳይጠፋ፣ እንዳለ፣ ሰው ፊት መቅረብ ነበረበት።

መንገዱን ያገኘችው ሚስቴ ናት። ቤት ስገባ ሐጂ ቤት ደርሳ ከሐጂ ባለቤት ጋር ተማክራ ተመልሳለች።

«እኔ በወንድሜ በኩል አልቆምም» አለችኝ። «በአንተም በኩል አልቆምም። ከሐጂ ሚስት ጋር ሆነን አበጋሩን ለምነናል። እሳቸው ባሉት ቀን ሦስታችሁም ትቀርባላችሁ።»

አበጋር በእኛ አገር የተጣላን የሚያስታርቁ አባት ናቸው። ክርስቲያን ቢሆን፣ ሙስሊም ቢሆን፣ ደም ቢኖርበት እንኳ እሳቸው ፊት ቀርቦ የማይሰማ የለም። የእኛው አበጋር በጣም ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ምንም የማያመልጠው ሰው ናቸው።

አበጋሩ ከሚያስታርቁበት ሾላ ሥር ተሰበሰብን። ሰኔ ገብቶ ደመናው ወርዷል። ገበያ እንደዋለ ሁሉ ሰው መጥቷል፤ ግማሹ የተዘረፈ፣ ግማሹ የሌባ ፊት ሊያይ። አበጋሩ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ «የተደበቀውን ያውጣልን፣ የወጣውን እንድንችለው ያድርገን» አሉ። አንዱ አሚን አለ፣ አንዱ አሜን አለ። ሐጂ ነገራቸውን በአጭሩ ተናገሩ። ከዚያ አበጋሩ «ጽሑፉ ይነበብ» አሉ።

የሚስቴ ወንድም ኮምፒውተሩን ከፍቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስጠው ወዲህ» አልኩት። «የተጻፈው በእኔ ስም ነው። የማነበውም እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ይረዝማል እኮ።»

«ይርዘም።»

ጣቴን አስጠጋሁ። ሰዉ ፊት አንብቤ አላውቅም። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ብሎን እየፈታሁ፣ ጮክ ብዬ ቀጠልኩ፦

«የወፍጮ ሞተር መርሳ ይፈልጋሉ? የወፍጮ ሞተር መርሳ ለሚፈልጉ የወፍጮ ሞተር ፈላጊዎች ምርጥ የወፍጮ ሞተር መርሳ አለ። ስለ የወፍጮ ሞተር ዋጋ መርሳ ሲያስቡ፣ የወፍጮ ሞተር መርሳን ያስቡ።»

«ቆይ» አሉ አበጋሩ። «አንተ ነህ የደጋገምከው ወይስ ጽሑፉ ነው?»

«ጽሑፉ ነው፣ አባቴ።»

«ቀጥል።»

ወደ ሁለተኛው ገጽ አለፍኩ። «የወፍጮ ሞተር ውርጌሳ ይፈልጋሉ? የወፍጮ ሞተር ውርጌሳ ለሚፈልጉ…» ሦስተኛው የግራና ከተማ ነበር። ያው ቃል፣ ያው ቦታ፣ የከተማው ስም ብቻ ተቀይሮ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወባ የያዘው ሰው ነው እንዲህ የሚቃዠው!» አለችና ሳቅ ተነሳ። ሰዉ በፎቶ ያየው «ምርጥ የወፍጮ ሞተር በመርሳ» የሚለውን ርዕስና የደንበኛውን ምስጋና ብቻ ነበር። ሙሉውን በጆሮው ሲሰማ ግን ግንባሩን ቋጠረ። አንዳንዱ እየሳቀ ቃሉን ይደግመው ጀመር። «የክሊኒክ አልጋ ግራና ሲያስቡ የክሊኒክ አልጋ ግራናን ያስቡ» ላይ ስደርስ ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠራው፣ ስልክ ደውሎ አልጋዎቹን መልስ ያለኝ ሰውዬ እንኳ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

አበጋሩ አልሳቁም። «ይህ የሰው አፍ አይደለም» አሉ። «ግን የሰው ምስክርም አለበት ብላችኋል። ኅዳር ላይ ሞተር ገዛሁ ያለው ሰው ይቅረብ።»

ሰዉ ዞር ዞር እያለ ፈለገው።

«ስሙ ተጽፏል አይደለም?» አሉ አበጋሩ።

«ስሙ አለ» አለ የሚስቴ ወንድም። «ሰውዬው ነው የሌለው።»

«ሞተ?»

«አልሞተም።»

«ተሰደደ?»

«አባቴ… አልተወለደም» አለ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ሌላው ይቅረብ እንግዲያ። ጀነሬተር የገዛው።»

«እሱም አልተወለደም።»

«ፍሪጁን የገዛችውስ?»

«ሁሉም አልተወለዱም። እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።»

«ይህን ሁሉ ሰው? ብቻህን?»

«ሚስትም የለው!» አለች ያቺው ሴት፤ ያን ጊዜ አበጋሩም ጥቂት ፈገግ አሉ። ወደ ጋራዡ ጣታቸውን ስለሚቀስሩት ሌሎች ድረ ገጾችም ጠየቁት። ሊንኩን የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ፣ ጋራዡን አይተውት እንደማያውቁ፣ መርሳ የት እንዳለችም እንደማያውቁ ነገራቸው። «የተገዛ ምስክር» አሉ አበጋሩ፣ እንደ መራራ ነገር አላምጠው። «ይህንንስ ፍርድ ቤት ደጃፍ እናውቀዋለን፤ አዲስ አይደለም።»

ሐጂ ብቻ ሳይስቁ ቆዩ። ተነስተው የሚስቴ ወንድም ፊት ቆሙ።

«ወሩስ?» አሉት። «ከወር ሁሉ ኅዳርን ለምን መረጥክ?»

«አልመረጥኩም፣ ሐጂ። ጋራዡ የቆየ ደንበኛ ያለው እንዲመስል ቀኖቹን ወደ ኋላ በትን ብዬ ማሽኑን አዘዝኩት። እሱ ነው የበተነው።»

«ወደ ኋላ ስትበትን እኛ የት እንደነበርን ትዝ አላለህም?»

«እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ።»

«እናትህስ?» አሉ አበጋሩ ከተቀመጡበት።

የሚስቴ ወንድም አንገቱን ደፋ። «እናቴ ከጋሼ ጋር ነበረች። እሱ ነው ያልጣላት» አለ።

እኔ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ከእኔ አፍ ሲወጣ ከርሞ የሰለቸ ነገር ከእሱ አፍ ሲወጣ ሰዉ ዞሮ አየኝ፤ አስተያየታቸው ተለውጧል።

ሐጂ ግን ቶሎ የሚለዝቡ ሰው አይደሉም። «ቃሉን ሰማሁ፤ ሰውዬው ሞተሬን እንዳልነካ ልቤ ተቀብሏል» አሉ። «ነገር ግን ልጄ ጅዳ ሆና ዛሬም ብትፈልግ ያንኑ ታያለች። ሌላውም ያያል። የሐሰት ምስክር ቆሞ እያለ እርቅ ብል ራሴን ማታለል ነው።»

እውነታቸውን ነበር። እኔም ብሆን እንዲያው በሳቅ እንዲታለፍ አልፈለግኩም።

አበጋሩ ፈረዱ። ገንዘብ አልጠሩም። ውሸቱ የዋለበት ሁሉ እውነቱ ይዋልበት አሉ። ማለትም የሚስቴ ወንድም ስማቸውን የጻፋቸው ከተሞች ሁሉ በገበያቸው ቀን እየሄደ፣ ቆሞ፣ በአፉ ይናገራል። የገዛቸውን ምስክሮች አንድ ባንድ ያነሳል። ፍለጋው ውሸቱን ማውጣት ሲያቆም ያን ጊዜ እርቁ ይፈጸማል። እስከዚያ ነገሩ ክፍት ነው።

አብሬው ዞርኩ። ላግዘው ነው ብላችሁ እንዳታስቡ፤ እንዳይሸሽ ነው የተከተልኩት። ውርጌሳ ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «በዚህ ከተማ ስም የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው፣ ይህ ሰው የተዘረፈ ዕቃ ሸጦ አያውቅም» ሲል አንዲት ሙዝ ሻጭ «አንተ ልጅ፣ ካላበድክ በቀር ማን በገዛ አፉ ራሱን ያሰድባል!» አለችው። ወልድያ ላይ ጓደኞቹ፣ ባጃጅ ነጂዎቹ ቆመው ሰሙት፤ ላብ ሲያጠምቀው አየሁ። አልቀነሰም፣ አንድም ቃል። ግራና ላይ ሽንኩርት የጫነ ገበሬ እስኪጨርስ ጠብቆ ወደ እኔ ዞረና፣

«እሱስ ገባኝ። ዕቃ አትሸጥም። ፓምፕ ግን ትጠግናለህ አትጠግንም?» አለኝ።

«እጠግናለሁ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከምትጮኹ ይህን አትናገሩም?»

ሄጄ ፓምፑን ሠራሁለት። በእውነተኛው ገጽ ላይ የመጀመሪያው እውነተኛ ምስክር እሱ ሆነ። እሱ በአፉ ተናገረ፣ የሚስቴ ወንድም ጻፈ፦ «ፓምፔን ጠገነ። እመጣለሁ ባለበት ቀን አልመጣም። ቁጡ ነው። ፓምፑ ይሠራል።»

«ጋሼ፣ ‹ቁጡ ነው› የሚለውን ላውጣው?»

«ተወው። ሰውዬው ተወልዷል።»

ክረምቱን ሹፌሮች እንደገና መቆም ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሊያዩኝ፣ ኋላ ሊያሠሩኝ። ጽሑፉን ማንሳት ግን ከመለጠፍ የከበደ ሆነ። የራሱን ገጾች ባንድ ቀን ደመሰሰ። ምስክሮቹን የሸጡለት ሰዎች ግን ለመሸጥ እንጂ ለመሰረዝ መልስ አይሰጡም። ከእሱ የገለበጡ ሌሎች ገጾች ደግሞ ብቅ አሉ፤ ሌባን የሚሰርቅ ሌባ አለ ለካ። አንዱን ሲነቅል ሌላው ይበቅላል።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ በቆቦ በኩል እንደገና ተነሳ። የወልድያ ሰው በእግርም በመኪናም ወደ መርሳ ወረደ። የሚስቴ ወንድም ያንኑ ቦርሳ አንግቦ መጣ። አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከፊቱ ቆሞ ነበር፤ ሰው ነግሮኛል። አልተሳፈረም።

«አትሄድም?» አልኩት በራፍ ላይ።

«እናቴ እዚህ ናት» አለ። «ካስፈለገም ሁለት ሆነን እንሸከማታለን።»

ግባ አልኩት። ያን ክረምት በአንድ ጣራ ሥር ከረምን። መሸከምም ሳያስፈልገን ቀረ። ኔትወርክ ሲመጣ ከቤታችን ኋላ ካለው ዳገት ላይ ወጥቶ ለማያውቃቸው ሰዎች «እባካችሁ ይህን አንሱልኝ» እያለ ይጽፋል። ኔትወርክ ሲጠፋ ወርዶ መፍቻ ያቀብለኛል። አማቴ ከመደባቸው ላይ ሆነው «ዛሬስ ስንት ውሸት ነቀልክ?» ይሉታል። «ሁለት፣ እማዬ።» «ጎበዝ። ነገ ደግሞ ትነቅላለህ።» ከጻፈላቸው ሰዎች አንዱ፣ ከሩቅ አገር፣ ስለ ጦርነቱ ሰምቶ ይቅርታ ጠይቆ ያለውን ሁሉ አነሳለት። ያን ቀን ከዳገቱ እየሮጠ ወረደ።

ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ቆመ ተባለ። በማግስቱ አላመንኩም፣ ከሳምንት በኋላ ግን መንገዱ ላይ መኪና በዛ። የቀረን አንድ የተገለበጠ ገጽ ብቻ ነበር። እሱም አንድ ጠዋት ሲፈለግ ታጣ። የሚስቴ ወንድም በራሱ አላመነም፤ «ጋሼ፣ አንተ ፈልግ» አለኝ።

አበጋሩ ተጠሩ። ሐጂ መጡ። ባንድ ጣቴ «የወፍጮ ሞተር መርሳ» ብዬ ጻፍኩ፣ ውርጌሳን ጻፍኩ፣ ግራናን ጻፍኩ፣ ወልድያን ጻፍኩ። ያየሁትን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ስለ እኔ የሚወራ ውሸት አልነበረበትም። ለሐጂ ያ አልበቃቸውም፤ ጅዳ ደውለው ልጃቸውን «አንቺም ፈልጊ» አሏት። ጠበቅን። «አባዬ፣ ጠፍቷል፤ የሚመጣው ራዲያተር የሚበይደው እውነተኛው ገጽ ብቻ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ለሁላችንም እየተሰማ።

ያን ጊዜ የሚስቴ ወንድም እንደ አገሩ ልማድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ከፊታችን ቆመ። የተበደለው ይቅር ካላለ ድንጋዩ አይወርድም። ትልቅ ድንጋይ ነበር የመረጠው። ትንሽ ላቆየው አስቤ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ሐጂ በአንድ በኩል ሲይዙለት እኔም በሌላው በኩል ያዝኩ፣ አንድ ላይ አወረድነው። አበጋሩ መረቁን።

ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ዕለት ነበር።